ጥርሳሙና አምስቱ መርፌዎች

ኅዳር 28፣ ማታ

ተረከዝ ላይ ቆሜያለሁ። የእግሬን ሳይሆን የካልሲውን ማለቴ ነው። ጥቅምት ላይ የጀመርኩት ግራጫ ካልሲ ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለው አልቋል። ተረከዙ ጋ ስደርስ እጄን ሰበሰብኩ። አምስቱ መርፌዎች ክሩን እንደነከሱ ፌስታል ውስጥ ተቀምጠዋል። ፌስታሉን ባየሁት ቁጥር የሰው ዕዳ ያለብኝ ይመስለኛል።

ነገሩ የተጀመረው በእማዬ እግር ነው።

እማዬ ያለችው ደብረ ብርሃን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። ከተማው ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ጠዋት በር ሲከፈት ሳሩ ነጭ ሆኖ አድሯል። ውርጭ። እማዬ ከወገብ በላይ ችግር የለባትም። ሹራብ አለ፣ ነጠላ አለ፣ ከዚያ በላይ ጋቢ አለ። ከጉልበት በታች ግን ቀሚስና ስስ ካልሲ ብቻ ነው። አንዴ «ከቀሚሱ ሥር ሱሪ ልበሺ» ብላት ያየችኝ አስተያየት እስካሁን ያሳፍረኛል። «በዚህ ዕድሜዬ?» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

የባሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ ጫማ ይወልቃል። ቅዳሴው እስኪያልቅ በካልሲ ነው የሚቆመው። ምንጣፍ ቢነጠፍም ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ነው። «ብርዱ ከመሬት ይነሳና ጉልበቴ ላይ ይቀመጣል፣ እንደ እንግዳ። ሂድ አይባል» ትላለች።

እህቴ ሚኒሶታ ናት። ብርድን ከኛ በላይ ታውቀዋለች። ስልክ ላይ ይህንኑ ስንጫወት «ሰው አግኝቻለሁ፣ የሆነ ነገር እልክልሻለሁ» አለችኝ። ካልሲ ትልካለች ብዬ ጠበቅኩ። የመጣው ክብ ፕላስቲክ ነው። የትንሽ ወንፊት ጠርዝ የሚያክል፣ ዙሪያውን 24 ጥርስ የተተከለበት። ከሱ ጋር አንድ መንጠቆ፣ ሁለት ጥቅል የካልሲ ክርና በሁለቱም ጫፍ የሾሉ አምስት ቀጫጭን መርፌዎች አሉ። በቴሌግራም ደግሞ «ክቡ ለቶሎ ቶሎው፣ መርፌው ለደህናው» የሚል መልእክት ተከተለ።

ክቡን ፈረንጆቹ ከሸማኔ ዕቃ ጋር በአንድ ስም ይጠሩታል፤ ሉም ነው የሚሉት። ለኔ ግን አይገናኙም። ሸማኔ ድርና ማግ ያጠላልፋል። እዚህ ያለው አንድ ክር ነው፣ ራሱን በራሱ እየተበተበ የሚሄድ። እማዬ በኋላ ስታየው «ጥርሳሙ» አለችው። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ስሙ ይኸው ነው።

አሠራሩ የልጅ ጨዋታ ነው። ክሩን በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ እየጠመጠሙ መዞር። ዙሩ ሲያልቅ ከላዩ ላይ እንደገና መጠምጠም። አሁን እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ሁለት ክር አለ። የታችኛውን በመንጠቆ አንስቶ፣ በጥርሱ አናት አሳልፎ ወደ ውስጥ መጣል። በቃ። ሌላ ጥበብ የለውም። ከጥቂት ዙር በኋላ በክቡ መሐል ቱቦ የመሰለ ነገር ቁልቁል መውረድ ይጀምራል፤ ያኔ ማቆም ያቅታል። አንዴ ወጥ ረስቼ አሳርሬያለሁ።

ቱቦ ከሆነ ዘንዳ የሚሠራው የታወቀ ነው። ባትን የሚያሞቅ፣ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ተረከዝም ጣትም የሌለው። ወጣቶቹ ሌግ ዋርመር ይሉታል። እማዬ በስልክ ሳስረዳት ትንሽ ዝም አለችና «ገምባሌ በይኛ!» አለች። እውነቷን ነው። የድሮ ወታደር ባቱ ላይ የሚያስረው ገምባሌ። የኔው የክር ሆነ እንጂ ሥራው አንድ ነው።

ክሩን ከመርካቶ ገዛሁ። ሱፍ አይደለም፣ ሰው ሠራሽ ነው፤ ግን ቀለሙ ደስ ይላል። ጥርሶቹ የተራራቁ ስለሆኑ በአንድ ክር ሲሠራ ወንፊት ይሆናል። ሁለት ክር ደርቤ ያዝኩ። የመጀመሪያውን ግን አጥብቄ ስለጠመጠምኩት ክሩ ከጥርሱ አልነሳ አለ። ስታገል መንጠቆው ቀጭ አለ። ከሚኒሶታ ድረስ የመጣ መንጠቆ በሦስተኛው ቀን ተሰበረ። ለእህቴ አልነገርኳትም፤ አሁን እዚህ ካላነበበች። በምትኩ የሰፌድ መስፊያ ወስፌ ገዛሁ። ከመንጠቆው በለጠ። እንጨት እጀታው መዳፍ ይሞላል፣ ጫፉ ክሩ ሥር ሰተት ብሎ ይገባል።

ሦስት ማታ ለአንዱ እግር፣ ሁለት ማታ ለሌላው። ገምባሌው አለቀ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ትንሽ ቅር አለኝ። ያጭበረበርኩ መሰለኝ።

ምክንያቱ የድሮ ነው። ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ነበረን። መርፌ መግዛት ያልቻልን ልጆች የብስክሌት ጎማ ሽቦ ጫፉን ድንጋይ ላይ ሞርደን እንሠራበት ነበር። ያ ሽቦ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ዘንድሮ ከአሜሪካ የመጣልኝን የካልሲ መርፌ አገላብጬ ባየው ከዚያ እምብዛም አይወፍርም። ሳናውቀው ትክክለኛውን ዕቃ ይዘን ነበር ማለት ነው። መምህራችን አንድ የክር ቀለበት ከመርፌው ካመለጠ እስከዚያ ድረስ ታስፈታን ነበር። የሕፃን እጅጌ የሌለው ሹራብ አራት ጊዜ ፈትቻለሁ። ሥራ ማለት ለኔ መፍታት ያለበት ነገር ሆኖ ቀረ። ጥርሳሙ ላይ ምንም አይፈታም፤ ለዚያ ነው ያላመንኩት።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለዚህ ነገር ሳነብ አንድ ሰው ላይ ደረስኩ። ዊልያም ሊ የሚባል እንግሊዛዊ፣ በፈረንጆቹ 1589 ካልሲ የሚሠራ ማሽን ፈለሰፈ። የሰውየው ብልሃት ሲያዩት ቀላል ነው። በእጅ ስንሠራ ቀለበቱ ሁሉ አንድ ዘንግ ላይ ተሰልፎ ተራ ይጠብቃል፤ አንዱ ሲያልፍ ሌላው። እሱ ለእያንዳንዱ ቀለበት የራሱን መርፌ ሰጠው። ከዚያ ረድፉን ሁሉ ባንዴ ነው። ጥርሳሙም ያው ነው፣ 24 ቀለበት 24 ጥርስ፣ የሚያነሳው እጅ ብቻ ነው አንድ በአንድ የሚሄደው። ሰውየው ማሽኑን ይዞ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘንድ ቢቀርብ ፈቃድ ከለከለችው። በእጃቸው ካልሲ እየሠሩ የሚኖሩ ድሆች እንጀራቸውን ያጣሉ ብላ ነው ይባላል። ፈረንሳይ ሄደ፤ እዚያም እንዳሰበው ሳይቀናው ሞተ። ከኔ በፊት በዚህ ጉዳይ ቅር ያላት ንግሥት መኖሯ ትንሽ አጽናናኝ።

ያን ሌሊት የቀናሁት ግን በሌላ ነው። ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ያለ ቀይ የሱፍ ካልሲ ፎቶ አየሁ። ግብፅ ውስጥ የተገኘ፣ የኮፕቶች ዘመን ሥራ፣ ከ1,500 ዓመት በላይ የሆነው። በአንድ መርፌ ነው የተሠራው፤ ክሩን በመርፌ ዐይን አስገብቶ ቀለበት በቀለበት እየሰፉ። አውራ ጣቱ ለብቻው ተከፍሏል። ተረከዙን ግን ብታዩት! ክብ ብሎ፣ ሞልቶ፣ እግር ውስጡ ያለ ይመስላል። የዚያን ዘመን ሰው ተረከዝ አዙሮ እኔ በዩቲዩብ ዘመን ተረከዝ ላይ ልቆም?

ስለዚህ አምስቱን መርፌ አወጣሁ። 64 ቀለበት ጀመርኩ። አራቱ መርፌ ላይ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት፣ አምስተኛው የሚሠራው። ክሩ 75 በመቶ ሱፍ፣ 25 በመቶ ናይለን ነው። ናይለኑ ቶሎ እንዳይበሳ፣ ሱፉ እንዲሞቅ። ሱፍ እርጥበት መጥጦም ይሞቃል፤ የመርካቶው ክር እዚህ ላይ አይወዳደረውም። ጥጥ ደግሞ አይሳብም፣ አንዴ ከሰፋ ሰፋ ነው። የመንዝ በግ ሱፍ ባገኝ ብዬ አስቤ ነበር። ግን ባናና ዝተት ለብሶ ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ይሞቃል፣ ደግሞ ያስፎክታል። ለባት ካልሆነ ለጣት አይሆንም።

ላስቲክ የሚመስለው አፉ ሄደልኝ፤ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፣ እንደ መዝሙር ነው። ወደ ታች የሚወርደውም ሄደ። ተረከዙ ግን ሌላ ነው። እዚያ ሲደረስ ዙሩ ይቆማል። ከ64ቱ ግማሹ ያርፋል፣ 32ቱ ብቻ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ እንደ ትንሽ ምላስ ይረዝማል። ከዚያ መሐሉ ላይ በየመስመሩ ሁለት ሁለቱን እያጋቡ ሲቀንሱ ጨርቁ ራሱ ይታጠፍና ጽዋ ይሆናል። ይህን ሰው በቃል ሲያስረዳ ሰምቼ አልገባኝም፣ ቪዲዮ አይቼም አልገባኝም። ጥርሳሙ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ግማሹ ጥርስ ላይ ብቻ እየተመላለሱ እየቀነሱ መልሶ በመጨመር ይሠራል። ተሠራም። ግን ተረከዙ ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አወጣ፣ ውፍረቱም ጫማ አልገባ አለ። የቤት ካልሲ ሆኖ ቀረ።

ኅዳር 11 ማታ ወደ እማዬ ሄድኩ፣ ለማግሥቱ ሚካኤል። ሚኒባስ ውስጥ ጊዜ እንዳይባክን ጥርሳሙን ጭኔ ላይ አድርጌ ሁለተኛ ጥንድ ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አባት እስከ ሸኖ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ወንፊቱ ተቀዶብሽ ነው?» አሉኝ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ «አዎ አባባ» አልኳቸው። ምን ብዬ ላስረዳ።

እማዬ ገምባሌውን ስሰጣት ወዲያው አላጠለቀችውም። መብራቱ ሥር ወሰደችው። ገለበጠችው። እንደ ፈትል በሁለት ጣቷ እየዳሰሰች ከላይ እስከ ታች ሄደች። አንድ ቦታ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነበር?»

አየሁት። አራት አምስት ዙር ከሌላው ጠበቅ ብሏል። ከሥራ ተናድጄ የገባሁባት ማታ ናት። ለማንም ያልተናገርኩትን ክሩ ነገራት።

«ደክሞኝ ነበር» አልኳት።

«እህ» አለችና አጠለቀችው።

ማግሥቱን ከቅዳሴ ስንመለስ ስለ ገምባሌው ምንም አላለችም። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «ጉልበቴ ዛሬ እንግዳ አልመጣበትም» አለች፣ ሲኒ እያቀረበች። በቃ፣ ይህ ነው ምስጋናዋ። የግብፁን ካልሲ ፎቶም አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችና «ለነጠላ ጫማ ነዋ የተሠራው!» አለች። ልክ ናት፤ ጣቱ የተከፈለው ለሰንደል ነው ይላሉ ባለሙያዎቹም። እሷ ለዚህ ባለሙያ አላስፈለጋትም። በካልሲ ላይ ነጠላ ጫማ ለማድረግ በጣቶቿ መሐል ካልሲውን ስትወትፍ ስንት ዓመቷ ነው።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ዕቃ አጥቤ ስመለስ ጥርሳሙ ጭኗ ላይ ነው። ወስፌውን ጨብጣለች።

እማዬ መፍተል ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏታል። እንዝርት ጣት ይፈልጋል፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት አሽከርክረው የሚለቁት። የእሷ አውራ ጣት ቁርጥማት ይዞታል። እንዝርቷ ከባዘቶው ጋር ሙዳይ ውስጥ ነው። እኔም ሆነ እህቴ «ለምን ተውሽው» ብለናት አናውቅም፤ ታውቃለችና። ወስፌውን ግን የያዘችው በጣት አይደለም። በሙሉ መዳፏ ነው፣ እንደ ማማሰያ። ክሩ ሥር ታስገባለች፣ ክንዷን ቀና ታደርጋለች፣ ክሩ በጥርሱ አናት ያልፋል። ጣቷ ምንም አልሠራም። አራት ዙር ሄዳለች፤ ከኔ ላላ ያለ፣ እኩል የሆነ።

«ይሄ ሥራ አይደለም፣ ጨዋታ ነው» አለችኝ ቀና ሳትል።

ጥርሳሙን እዚያው ትቼላት መጣሁ። ወስፌውንም፣ የተረፈውንም ክር።

ትናንት ደውላ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ አይተውባት ለሳቸውም አዘዋል። ቀይ ይሁንልኝ ብለዋል አሉ። እህታቸውም ፈልገዋል። «ክር ላኪ፣ ጥቁር አትላኪ፣ ማታ አይታየኝም» አለችኝ። ዋጋ እንዳታስከፍል ሰጋሁ፣ ከዚያ ደግሞ ብታስከፍልስ አልኩ።

ዛሬ ከሰዓት በሰው እጅ አንድ ፌስታል ደረሰኝ። ቆሎ አለበት፣ በርበሬ አለበት፣ ከሥር የኔ ጥንድ ገምባሌ። ቡናማ። አንዱ ከሌላው በሁለት ጣት ይረዝማል። ደውዬ ብነግራት «አንዱ እግርሽ ይረዝማል፣ አታውቂም ነበር?» ብላ ዘጋችው።

አሁን አጥልቄዋለሁ። ረጅሙን ቀኝ እግሬ ላይ። ሞቆኝ ስለተቀመጥኩ ይሁን አላውቅም፣ ያን ግራጫ ካልሲ አወጣሁት። ተረከዙን ዛሬ እጀምራለሁ ብዬ ግማሹን ለየሁና ቆጠርኩ። 31። ሌላውን ቆጠርኩ፣ 32። የመጀመሪያውን ደገምኩ። 31። አንዷ ቀለበት አምልጣ ሰባት መስመር ያህል ቁልቁል ወርዳለች። ሳይፈታ ለማንሳት ቀጭን ሹል ነገር ይበቃ ነበር። ወስፌው ደግሞ ደብረ ብርሃን ነው።