የአረፋ ማስታወሻ፦ አንድ ወር ከብርጭቆ ጋር

ከአንድ ወር በፊት ለስላሳ መጠጥ ለምን አረፋ እንደሚያወጣ ብትጠይቁኝ፣ "ጋዝ ስላለው ነዋ!" ብዬ አልፍ ነበር። ግን ያልተከፈተ ጠርሙስ አይታችኋል? ጸጥ ያለ ነው። ጋዙ እዚያው አለ፤ አረፋ የለም።

የመጀመሪያው ክፍል በአንድ ቀን ገባኝ። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1803 ባሳተመው ሕግ መሠረት፣ የአንድ ጋዝ ግፊት በጨመረ ቁጥር ፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟው መጠንም ይጨምራል። ስለዚህ ካርቦንዳይኦክሳይድ በግፊት ይገባና ይከደናል። ስንከፍተው "ጢስስ" የሚለው ያ ግፊት ሲያመልጥ ነው። ፈሳሹ ከአቅሙ በላይ ጋዝ ተሸክሞ ይቀራል፣ ትርፉም መውጣት አለበት።

ቀሪዎቹን ሳምንታት የበላብኝ "ከየት ነው የሚወጣው?" የሚለው ነው። ብርጭቆውን መስኮት አጠገብ አድርጌ ሳየው አረፋዎቹ በክር እንደተሰካ ዶቃ ተሰልፈው ከአንድ ነጥብ ይነሳሉ። አጠገቡ ያለው ቦታ ጭር ብሏል። ብርጭቆውን ሳዞረው ነጥቡም አብሮ ዞረ። ጉዳዩ ያለው መጠጡ ላይ ሳይሆን ብርጭቆው ላይ ነው ማለት ነው!

ለካ አረፋ ከምንም መነሳት ይከብዳታል። ገና በጣም ትንሽ ሳለች ዙሪያዋን የከበባት ውሃ ጨምቆ መልሶ ያሟሟታል። ስለዚህ ቀድሞ አየር የተደበቀበት ጭረት ወይም ብናኝ ያስፈልጋታል። የሟሟው ጋዝ ወደዚያች አየር ይገባል፣ ታብጣለች፣ ትላቀቃለች። ጥቂት አየር እዚያው ስለሚቀር ቀጣይዋም ከዚያው ትነሳለች።

ለማረጋገጥ ሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆ ወሰድኩ። አንዱን አጥቤ፣ ደጋግሜ አለቅልቄ፣ ሳልወለውል አንጠፈጠፍኩት። ሌላውን በጥጥ ፎጣ ወለወልኩት። ፎጣ የነካው ተንተከተከ፤ ባልተወለወለው ላይ የቆጠርኩት ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ከፎጣው የቀሩት ጥቃቅን የጥጥ ክሮች ናቸው ሥራውን የሠሩት።

ከዚያ ጸጥ ባለው ብርጭቆ ውስጥ የጥጥ ክር ጣልኩ። ምንም የለም። ተበሳጨሁ። በኋላ ነው የገባኝ፦ "ንጹሕ ይሁን" ብዬ ክሩን ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌው ነበር። አየሩን በገዛ እጄ አስወጥቼዋለሁ! ደረቅ ክር ስጥል ግን ወዲያው አረፋ ለብሶ ጸጉራም ሆነ፣ ትንሽ ቆይቶም ወደ ላይ ተንሳፈፈ።

ሌላም የተሳሳትኩት ነገር አለ። አረፋዎቹ ሲወጡ ይተልቃሉ። ወደ ላይ ሲጠጉ የውሃው ጫና ስለሚቀንስ መስሎኝ ነበር። የ10 ሴንቲሜትር ውሃ ጫና ግን ከአየሩ ግፊት 1 በመቶ ገደማ ነው። የሚያሳድጋቸው መንገድ ላይ የሚሰበስቡት ጋዝ ነው።

ሙቀትን በተመለከተ ብዙ አልሠራሁም። አንድ ሊትር ውሃ በ0 ዲግሪ 1.7 ሊትር ያህል ካርቦንዳይኦክሳይድ ይይዛል፣ በ20 ዲግሪ ግን 0.9 ሊትር ገደማ። ያልቀዘቀዘ ጠርሙስ ከፍቼ ጠረጴዛውን ስላጠብኩት፣ ይህን ቁጥር የምረሳው አይመስለኝም።

አሁን የአሸዋ ወረቀት ይዣለሁ። አንዳንድ የሻምፓኝ ብርጭቆ አምራቾች ታችኛውን ክፍል ሆን ብለው ይጭሩታል። እኔም በአንድ አሮጌ ብርጭቆ ወለል ላይ ትንሽ ክብ ልፍቅና ዶቃዎቹ ከዚያ ይነሱ እንደሆነ ልመለከት ነው።