ደብተር ዝጉ

የሰበሰብኩት የቤት ሥራ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ጥያቄው ዕፅዋት ምግባቸውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ አብራሩ የሚል ነበር። ኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ይዤ «ክሎሮፕላስት ያልሽው ምንድን ነው?» ብላት አቀረቀረች። አጠገቧ ያለውም ዝም አለ። የተጠየቀውን ጽፎ የሚሰጠው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቻትጂፒቲ በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ይህ ዝምታ የብዙ መምህራን ጭንቀት ሆኗል።

መጀመሪያ የሄድኩበት መንገድ ልክ አልነበረም። በማሽን የተጻፈውን ይለያል የተባለ መተግበሪያ አምኜ ለአንድ ልጅ ዜሮ ሰጠሁት። በማግስቱ ስርዝ ድልዝ የበዛበትን ረቂቁን ይዞ መጣ፤ ሥራው የራሱ ነበር። ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። ቻትጂፒቲን የሠራው ኩባንያ ኦፕንኤአይ እንኳ የራሱን መለያ መተግበሪያ ብዙ ይሳሳታል ብሎ በ2023 እ.ኤ.አ. ከአገልግሎት አንስቶታል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ልጅ አላስከፋውም ነበር።

ከዚያ በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ «ደብተር ዝጉ» ማለት ጀመርኩ። ያለፈውን ትምህርት ለ8 ደቂቃ ከአእምሯቸው ይጽፋሉ፤ ማርክ የለውም። «ቲቸር፣ ደግመን ብናነበው አይሻልም?» ብለው ተነጫነጩ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ እንደፈተሹ ነገርኳቸው፦ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከሳምንት በኋላ ግን አስታውሰው የጻፉት።

ሁሉንም ወረቀት ማንበብ አልችልም፤ ተማሪው ብዙ ነው። በየቀኑ ዐሥር ብቻ አነሳለሁ። እነዚያ ዐሥሩ ግን ሙሉ የቤት ሥራው ያልነገረኝን ነገሩኝ፦ ሰባቱ «ተክል ምግቡን ከአፈር ይወስዳል» ብለው ጽፈዋል። ያ ሁሉ ያማረ ወረቀት ይህን ሸፍኖብኝ ኖሯል! የማስተምረው ነገር የተገለጠልኝ ያኔ ነው።

በማግስቱ የደረቀ ግንድ ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ይህ ክብደት ከየት መጣ?» አልኩ። እንደ ልማዴ ራሴ ልመልስ ስል ራሴን ያዝኩና ጠበቅሁ። «ከአፈር»፣ «ከውሃ» አሉ። አብዛኛው ከአየር፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመጣ ስነግራቸው ማንም አላመነኝም። ያቺ ኋላ የምትቀመጠው ልጅ ግንዱን ትክ ብላ ካየች በኋላ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እንደዚያ ከሆነ ሲነድ ተመልሶ አየር ይሆናል ማለት ነው?»