ከበሩ በኋላ ያለው ሒሳብ

ሐዋሳ ውስጥ ልጅ ያለው ሰው እሑድ ከሰዓት የት እንደሚሄድ ቢጨንቀው አይገርመኝም። ሐይቁ አለ። ግን ልጅ ሐይቅ በማየት አይጠግብም። መዝለል ይፈልጋል፣ መሽከርከር ይፈልጋል፣ አይስክሬም ይፈልጋል። ስለዚህ የመጫወቻ ቦታ ዋጋ ለእኔ የቡና ወሬ አይደለም፤ ከአስቤዛ ጋር የሚቆጠር ወጪ ነው።

ሰሞኑን የእህቴን ልጆች ይዤ ሐይቁ ዳር ካሉት መጫወቻዎች ወደ አንዱ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ሌሎቹም ብዙ አይለዩም። መግቢያው ጨምሯል። ምን ያልጨመረ ነገር አለ? ከፈልኩ፣ ቅርም አላለኝ። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ግን ዘንቢሌን አየችና "እናቴ፣ ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም" አለችኝ። የያዝኩት ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሻይ በፔርሙስና በሃይላንድ የሞላሁት ውኃ ነው። "ለልጆቹ እኮ ነው" አልኳት። "ገብቶኛል እናቴ፣ ግን እኔን ነው የሚቆጡኝ" አለች። አንጀቴን በላችው። ዘንቢሉን ጥበቃው ጋ ትቼ ገባን።

ከዚያ በኋላ ነው ሒሳቡ የጀመረው። በአየር የተነፋው ቤት ላይ መዝለል ለብቻው ይከፈላል። ባቡሩም ለብቻው። ፊት ላይ ቢራቢሮ ማስሳልም ለብቻው። ሰዓት የሚይዘው ልጅ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ቆይቶ ድንገት ያፏጫል። ፉጨቱ "ውረዱ" ማለት ነው። ትንሿ "አክስቴ፣ ገና አሁን እኮ ነው የወጣሁት!" ብላ አለቀሰች። ውጭ ሱቅ ውስጥ በ25 ብር የሚሸጠው ውኃ እዚያ 50 ብር ነው። ይህን የሰማው ትልቁ ልጅ "እኔ አልጠማኝም" አለ። ፊቱ በላብ ተጠምቋል። ከሁሉም የቆጠቆጠኝ ይሄ ነው። ገና ስምንት ዓመቱ ነው።

አሜሪካ ያለችው የአጎቴ ልጅ በዚያው ሰሞን ደውላ ነበር። ልጆቿን ፍሎሪዳ፣ ዲዝኒ ወርልድ የሚባለው ትልቅ መጫወቻ ልትወስድ ስታቅድ ከርማ ነበር፤ ትታዋለች። "አራት ሰው ሆነን የማይሆን ነው" አለችኝ። እዚህ ስለ ባቡርና ስለ ውኃ ስናማርር፣ እዚያም ያው ምሬት መኖሩ ገረመኝና ማታ ተቀምጬ ታሪኩን አነበብኩ።

የመጀመሪያው ዲዝኒላንድ ካሊፎርኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1955 ሲከፈት የአዋቂ መግቢያ 1 ዶላር ነበር። እያንዳንዱ መጫወቻ ደግሞ በየራሱ ትኬት። ያው የእኛው አሠራር ማለት ነው። የመክፈቻው ቀን ፀሐይ የምታቃጥል ነበረች፤ የቧንቧ ሠራተኞች ደግሞ አድማ ላይ ከርመው ስለነበር ሁሉን ማድረስ አልተቻለም። ባለቤቱ ዋልት ዲዝኒ ከመጠጫ ቧንቧና ከመጸዳጃ ቤት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ መጸዳጃውን መረጠ። ሕዝቡ ግን ይሄን ከየት ይወቅ? ቧንቧው የደረቀው ፔፕሲ ሊሸጡልን ነው ብሎ አማረረ። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። በጨዋታ ቦታ ውኃ የተከለከለ ሰው የትም አገር ያው ነው።

የፍሎሪዳው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲከፈት መግቢያው 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ጨዋታው ያኔም በትኬት ነው። በ1982 የየጨዋታው ትኬት ቀረና በሩ ላይ አንዴ ተከፍሎ ቀኑን ሙሉ መጫወት ሆነ። በ1999 ወረፋ የሚያሳጥር ነፃ ዘዴ መጣ። በ2021 ደግሞ ወረፋ ማሳጠሩ በገንዘብ ሆነና በነጠላ በነጠላ መክፈል በጓሮ በር ተመለሰ። የአንድ ቀን መግቢያው ራሱ በ2025 ገና ሰሞን 199 ዶላር ደርሶ ነበር። ያ የ1971 መግቢያ በዋጋ ንረት ብቻ ቢሰላ ዛሬ 30 ዶላር እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ሰው ቀረ ወይ? አልቀረም። የዲዝኒ ካምፓኒ ፓርኮችና መርከቦች ያሉበት ክፍል ከጠቅላላ ትርፉ ከግማሽ በላይ ያስገባል። የጎብኚው ቁጥር ትንሽ ቀንሶ፣ እያንዳንዱ ጎብኚ የሚያወጣው ገንዘብ ግን ጨምሮ የተገኘበት ጊዜም አለ። ለሒሳብ ክፍሉ ይሄ የምሥራች ነው። የአጎቴ ልጅ እዚያ ሒሳብ ውስጥ የለችም። ያልመጣ ሰው ሪፖርት ላይ አይታይማ።

የእኛም ባለቤቶች የሚሉት ይሄንኑ ነው። "ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ነው" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ማን ነው የሞላው? ከአዲስ አበባ ለሁለት ቀን የመጣ ሰው፣ የሰርግ አጃቢ፣ የምርቃት ፎቶ የሚነሳ ተማሪ። አዲስ አበቤ አንዴ ከፍሎ ይሄዳል፤ ዋጋውን ከዓመት በፊት ከከፈለው ጋር አያስተያይም። የሐዋሳ ሰው ግን ያስተያያል። ረቡዕ ከሰዓት ብቅ ብትሉ ባቡሩ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ትኬት ቆራጯም ፀጉሯን ትሠራለች።

ባለቤቶቹን ብቻ መውቀስም አይገባም። መጫወቻው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ሄደ። አንድ ሞተር ሲቃጠል የሚገዛው በዚህ ሒሳብ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ፣ ነዳጅ አለ። ስለዚህ መግቢያው ይጨምር፣ አልከራከርም። የኔ ጥል ከመግቢያው ጋር አይደለም። በሩ ላይ የተነገረኝን ዋጋ አውቄ፣ ቆርጬ ከቤት መውጣት እችላለሁ። የሚያርቀኝ ከገባሁ በኋላ የሚጀምረው ኪስ ማውለቅ ነው። ባጃጅ ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ በየማዞሪያው "ጨምሪ" እንደማለት ነው።

የምግቡ ክልከላ ደግሞ ለብቻው ያበሳጨኛል። እኛ አገር መዝናናት ማለት ከቤት ይዞ መሄድ ነው። አያቴ ያለ ሙዳይ የትም አትሄድም ነበር። የአጎቴን ልጅ "ዲዝኒስ እንዴት ነው?" ብያት ነበር፤ ሳንድዊች ይዞ መግባት ይቻላል አለችኝ። ብርጭቆና አልኮል ነው ክልክሉ። ምግብ የሚሸጡበት መስኮት ላይም በረዶ ያለው ውኃ በነፃ ይሰጣሉ። ያ ሁሉ ዶላር የሚያስከፍል ቦታ ዳቦ ካልከለከለ እኛ ምን ቤት ነን?

እሑድ እሑድ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ልጆች ሐይቁ ዳር ይወጣሉ። ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ሲሰፉ የከረሙ፣ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ደመወዛቸው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ተጠባብቀው ይመጣሉ፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ቆሎ በላስቲክ ይዘው። ፍቅር ሐይቅ መንገዱ ላይ ተደርድረው ይቀመጡና ይሳሳቃሉ፣ በስልክ ፎቶ ይነሳሳሉ። ከጀርባቸው ያለውን መጫወቻ ዞረውም አያዩት። እነዚህ ልጆች ነገ እናት ይሆናሉ፤ ልጆቻቸውን ግን ራሳቸው ገብተው ወደማያውቁት ቦታ የሚወስዱ አይመስለኝም።

የእህቴ ልጆች ለሚቀጥለው እሑድ ከአሁኑ ጀምረዋል። የአሳ ገበያው ያለበት አሞራ ገደል እንሄዳለን ብያቸዋለሁ። እዚያም መግቢያ ይከፈላል፤ ግን ጉሬዛውን ለማየት ሌላ ትኬት የለም። ትልቁ ወፍ፣ አባ ኮዳው፣ የአሳ አንጀት ሲሻማ ማየትም በነፃ ነው፤ ትንሿ ከባቡሩ ይልቅ ያንን ሳትወድ አትቀርም። የቆሮሶ አሳ ጥብስ ለሁለት እናዛለን፣ ድፎው ከቤት ይመጣል። ትልቁ ልጅ ጉማሬ ካላየሁ ብሏል፤ ጀልባ ደግሞ በኮንትራት ይወደዳል። ጎረቤቴም ልጆች አሏት፤ አብረን ተሳፍረን እንካፈል ብያታለሁ። ባሏን ጠይቃ ትነግረኛለች።