ጭረቷን ማን አጠፋት?

አንድ የቡና አምራቾች ዩኒየን ከአሜሪካ ለመጡ ገዥዎች አዲስ አበባ ላይ ስብሰባ ጠርቷል። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ያሰናዳነው እኛ ነን። አንባቢው ደግሞ ድምፀ መረዋ የመድረክ መሪ።

«ዌልካም ቱ አወር ኩፕ!» አለ፣ አዳራሹን ሞልቶ።

ፊት ወንበር ላይ የነበሩት ፈረንጆች ተያዩ። አንዷ አፏን በእጇ ከደነች። ወደ ዶሮ ቤታችን እንኳን ደህና መጣችሁ ተብለዋላ!

ሰውዬው ምን ያድርግ? ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነው። ኮ-ኦፕ፣ ማለትም የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በሁለት ክፍለ ቃል የሚነበበው መሃሉ ላይ ባለችው ጭረት ነው። እሷ ስትነሳ ሁለቱ ኦዎች ይጣበቁና ኩፕ ይሆናል፤ የዶሮ ቤት።

ጭረቶቹን ጠራርጎ ያወጣው አርታኢያችን ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ጽሑፍ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ኮምፒውተሩን አዝዞ ሁሉንም በአንዴ! ሻይ ሰዓት ላይ ጥግ አስይዤ ስጠይቀው መልሱ ዝግጁ ነበር።

«ሾርተር ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላትም እኮ እ.ኤ.አ. በ2007 እትሙ 16,000 ያህል ጭረት አውጥቷል!»

እውነቱን ነው። ከወጡት አንዷ የአይስ ክሬም ናት። ግን አይስ ክሬም ጭረት ኖረውም አልኖረውም አፍ ላይ ያው ነው። ጣጣው አናባቢ ካናባቢ ሲገጥም ነው። ኒውዮርከር መጽሔትማ ኮኦፐሬት፣ ማለትም መተባበር፣ ብሎ ሲጽፍ ሁለቱ ኦዎች እንዳይጣበቁ ሁለተኛው ኦ አናት ላይ ሁለት ነጥብ ይደፋበታል። የኛ ፊደል ከዚህ ተገላግሏል፤ ኮም ኮ ነው፣ ኦም ኦ። (መጥበቅና መላላቱን ለጊዜው ተዉት።)

ይልቅ ያስደነገጠኝ የከሰዓቱ ገጽ ነው። ሊቀ መንበሩ የቆየውን ውል እንደገና ይፈርማሉ፣ ሪ-ሳይን። ጭረቷ ከሌለች ሳይኑ ዛይን ይሆናል፤ ሪዛይን፣ ሥራ መልቀቅ። በሞቀ ጭብጨባ ከሥልጣን ልናወርዳቸው ነበር!

እስክሪብቶ አወጣሁና ከቃሉ በላይ በአማርኛ «ሪ - ሳይን» ብዬ በደማቁ ጻፍኩበት። መድረክ መሪው ሁለቱንም ረገጥ ረገጥ አድርጎ አነበበው።

ሊቀ መንበሩ ፈርመው ሲወርዱ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ጠዋት ምን ነበር ያሳቃቸው?»

ነገርኳቸው።

«እና ኮ-ኦፕ የምትሉት እኛን ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ዩኒየን አትሉንም? እሱስ እንግሊዝኛ አይደለም እንዴ?»