የሦስተኛው ልጅ እናት

በአሜሪካዋ የኔብራስካ ግዛት፣ በአንድ የካውንቲ ቤተ መጻሕፍት የትውልድ ሐረግ ክፍል ስሠራ፣ ለቤተ ዘመድ ጉባኤ የሚታደል መጽሐፍ ለማሳተም የተሰናዱ አንድ አዛውንት እ.ኤ.አ. የ1870ን የሕዝብ ቆጠራ አንድ ገጽ ጥርት ያለ ቅጂ እንድንሰጣቸው ጠየቁን። በመጽሐፋቸው መሠረት ቅድመ አያታቸው፣ ከጀርመኗ ሐኖቨር መጥቶ፣ ሰፍሮ ለሚያለማ ሰው የመንግሥት መሬት በሚሰጠው በ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ 160 ኤከር የያዘ ገበሬ የበኩር ልጅ ነው፤ በኢንተርኔት የሚገኙት የዘር ሐረጎችም፣ አንዱ ከሌላው ስለተቀዳ ይመስለኛል፣ ይህንኑ ይላሉ።

ገጹን ሳወጣ ገበሬው 34፣ ሚስቱ 26፣ ልጁ ደግሞ 11 ዓመት ሆነው አገኘኋቸው። በ15 ዓመት መውለድ ያጋጥማል፤ ዓይኔ ያረፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። በዚያ ቆጠራ አባቱ ወይም እናቱ ውጭ አገር የተወለዱ ሰው በየዓምዱ ጭረት ይደረግበት ነበር። በሁለቱ ታናናሾች መስመር ላይ ጭረት ያለው በአባት ዓምድ ብቻ ሲሆን፣ በትልቁ ልጅ መስመር ግን በእናትም ዓምድ አለ፤ የቤቱ እመቤት ደግሞ እዚያው አሜሪካ፣ የኢሊኖይ ተወላጅ ናት።

ባልደረባዬ «የጠየቁትን ሰጥተን እንሸኛቸው» አለችኝ፤ የሰው መጽሐፍ ማረም ሥራችን ስላልሆነ ምክሯ መሠረት ነበረው። እኔ ግን ዝም ማለት ከበደኝ። በአገራችን የሰው ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ስለሆነ፣ የወንድም ልጅ በአጎቱ ቤት ቢያድግም መዝገብ ላይ ወዲያው ይለያል፤ በአሜሪካ ግን ወንድማማቾች ለልጆቻቸው የሚያወርሱት አንድ ስም ስለሆነ ከአብራክ ልጅ ጋር ይቀላቀላል። የቤቱ ሰው ሁሉ ለአባወራው ምኑ እንደሆነ የሚገልጸው ዓምድም የተጨመረው በ1880 በመሆኑ፣ «ልጅ» የሚለው ቃል ገጹ ላይ ጨርሶ የለም።

ጭረቷን ሳሳያቸው አዛውንቱ ተቆጡ፤ «መዝጋቢው ተሳስቶ ቢሆንስ?» አሉ። ቆጣሪዎች ባለቤቱን ሲያጡ ጎረቤት ጠይቀው ስለሚጽፉ ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር፤ በአንዲት ጭረት ላይ ቤተሰብ አይፈርስም። ስለዚህ ገበሬው 5 ዓመት ኖሮ ማልማቱን ሲያረጋግጥ የቀረበውን የመሬት ማኅደር አየን፤ ሁለት ጎረቤቶች ሚስትና ሁለት ልጆች ያሉት የቤተሰብ ኃላፊ ነው ብለው ምለዋል፣ ሦስተኛ ልጅ አልጠቀሱም። የ1880ው ቆጠራ የእናትንም የትውልድ አገር ይጽፋል፤ በሌላ እርሻ ተቀጥሮ የሚሠራው የ21 ዓመት ወጣት እናት «ሐኖቨር» ተብሏል። በ1860 ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ፣ ሁለቱም ከሐኖቨር በመጡ ባልና ሚስት ቤት፣ የ1 ዓመት ሕፃን ሆኖ ተገኘ።

አዛውንቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ የጠየቁት ስለ መጽሐፉ አልነበረም፤ «ታዲያ እናቱ ማን ነበረች?» አሉ። የልጁ ወላጅ አባት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሞቶ ሊሆን ይችላል ብለን በዋሽንግተን ለሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የጡረታ ማኅደር እንዲፈለግ ጻፍን። በመጣው ቅጂ ውስጥ፣ ለአካለ መጠን ላልደረሰው ወላጅ አልባ ልጅ ጡረታ የጠየቀው ሞግዚት ያው ገበሬ አጎቱ ነበር፤ የእናቲቱ ስም ከነቤተሰቧ ስም፣ የጋብቻዋም ቀን በማመልከቻው ላይ ተጽፏል። አዛውንቱ ሕትመቱን አስቁመው የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመሩ።