ማስቲሹ ፎሙን በላው

ከደሴ ሆኖ ሀዲድ ማየት የፈለገ ኮምቦልቻ መውረድ አለበት። እኔ ግን ሀዲዱን ሳሎኔ ድረስ አወጣሁት፣ በ1 ለ87 ልክ፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ አሳንሼ። ኮምቦልቻ ያለው ዋናው ሀዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኔ 16.5 ብቻ። እህቴ ከውጭ ስትመጣ ይዛልኝ የመጣችው የመጫወቻ ባቡር ናት።

መደቡ የፍሪጅ ማሸጊያው ነጭ ፎም ነው። ቀላል ነው፣ በቢላ እየቀረጽክ ተራራ ታወጣበታለህ። ጣጣው ሀዲዱን ማጣበቁ ላይ ነው።

መጀመሪያ ማስቲሽ ቀባሁ። ጫማ የያዘ ማስቲሽ ይቺን ፕላስቲክ ምን ያቅተዋል ብዬ! ፎሙ ዓይኔ እያየ ሟሸሸ። ለካ ማስቲሹን የሚያቀጥነው ኬሚካል ነጩን ፎም ያሟሟዋል። ሀዲዱ ጉድጓድ ውስጥ ገባ።

ሰፈራችን ካሉት አናጢ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ፎም የማይበላ ማጣበቂያ አለ?» ብላቸው ሳቁ። «አብሽር ልጄ፣ ነጩን የእንጨት ኮላ ውሰድ። እሱ በውሃ ነው የሚቀጥነው» አሉኝ።

ኮላውን አበዛሁት። ፎሙም ፕላስቲኩም ውሃ አይመጥም፤ ኮላው መሀል ታፍኖ ይቀራል። የደሴን የነሐሴ ጉም ደግሞ ጨምሩበት። በማግስቱ ባነሳው እርጎ መስሎ ጠበቀኝ።

በሦስተኛው ከሀዲዱ ሥር ስስ ካርቶን አነጠፍኩ፣ እርጥበቱን እንዲመጥ። ኮላውን በአሮጌ የስልክ ካርድ ስስ አድርጌ ገፋሁት። ብረቶቹን በሚይዙት አግዳሚዎች መካከል እስፒል ተከልኩ፣ ከላይ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ደረደርኩ። ሁለት ሌሊት ሳልነካው አሳደርኩት። ትዕግስት የለኝም፣ ግን ቻልኩት። ከመድረቁ በፊት ግን ዓይኔን ሀዲዱ ልክ ዝቅ አድርጌ አየሁ፤ ከላይ ቀጥ ያለ የመሰለኝ መስመር ከጎን ሲታይ እባብ ነበር።

በአግዳሚዎቹ መካከል ለሚፈሰው ጠጠር የቦርከናን ወንዝ አሸዋ በሻይ ማጥለያ ነፋሁ። ማግኔት አሳለፍኩበት፤ ብረት ያለው ብናኝ ሞተሩ ውስጥ ከገባ አለቀለት። በውሃ የቀጠነ ኮላ ላይ አንድ ጠብታ ላርጎ ጨምሬ በስሪንጅ አንጠባጠብኩ። ላርጎው ከሌለ ኮላው አሸዋው ላይ ድቡልቡል ብሎ ይቀራል እንጂ አይሰርግም።

መስመር መቀየሪያው ላይ ግን ተዘናጋሁ። ኮላው ሾልኮ ገባና ባቡሩን ግራና ቀኝ የሚመራውን ተንቀሳቃሽ ምላስ ያዘው፤ ባቡሩ ወደ ቀኝ ብቻ የሚሄድ ሆነ። ለብ ባለ ውሃ እያራስኩ በጥርስ መፋቂያ ሁለት ቀን ታገልኩት፣ ለቀቀ። ማስቲሽ ቢሆን ኖሮ ሀዲዱንም አብሬ እጥል ነበር።