«ተጣልተው ነው»

በልጅነቴ ደሴ በነበርንበት ግቢ ከቡና ሰዓት የማትቀር አንዲት ጎረቤት ነበረችን። አንድ ቀን ነጠላዋን ግራ ዓይኗ ላይ ዝቅ አድርጋ መጣችና ማንም ሳይጠይቃት «የቁም ሳጥኑ በር ገጨኝ» አለች። ሴቶቹ «እግዜር ይማርሽ» ብለዋት ወደ በርበሬ ዋጋ ጨዋታቸው ተመለሱ። እናቴ ግን አቦሉን እንደ ወትሮው በዕድሜ ለምትበልጠው ሴት ሳይሆን መጀመሪያ ለእሷ ቀዳችላት። ስለዚያ ዓይን በግቢያችን የተነገረው ነገር ቢኖር ያችው አንዲት ስኒ ነበረች። ማታ አባቴ «ምን ሆና ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እናቴ ከምድጃው ቀና ሳትል «ተጣልተው ነው» አለችው።

ካደግሁ በኋላ ይህች ቃል ከሐሳቤ አልወጣ አለች። «ተጣሉ» ሲባል አድራጊዎቹ ሁለት ናቸው፤ ማን እጁን እንዳነሣ፣ ማን ፊቱን በክንዱ እንደሸፈነ ግሱ አይናገርም። ለማስታረቅ የሚገባው ሽማግሌም ነገሩን የሚጀምረው በዚሁ መንገድ ነው፤ «ምላስና ጥርስ እንኳ ይጋጫል» ይልና (ምላስ ጥርስን ነክሶ ያየ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም) ወደ ሴትዮዋ ዞሮ «ለመሆኑ ምን ብለሽው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ገመናን አደባባይ ማውጣት ነውር ስለሆነ፣ እሷም ወጡ አሯል ወይም መልስ ሰጥቻለሁ ብላ ጥፋቱን ለራሷ ትወስዳለች።

በየጊዜው የሚካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህንኑ በቁጥር ያሳያል። ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ከቤት ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል ወይም አብራው ለመተኛት እምቢ ብትል ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ ቢያንስ ለአንዱ ምክንያት «አዎ» ያሉት ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2000 85 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 63 በመቶ ወርደዋል። በዚያው በ2016 ከወንዶቹ «አዎ» ያሉት 28 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህን ያየ ሁሉ «ሴቶቹ ግንዛቤ የላቸውም» ይልና የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ያዘጋጃል።

እኔ በዚህ አልስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ጥናት፣ ቡታጅራና አካባቢዋ ከተጠየቁት ትዳር የያዙ ወይም የያዙ የነበሩ ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ በባላቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይህን ያህል ሴት በገላዋ የምታውቀውን ነገር ማንም አስተማሪ ሊያስጨብጣት አይችልም። «ተገቢ ነው» የምትለው፣ እንደሚመስለኝ፣ ዱላው ደንብ እንዲኖረው ስለምትፈልግ ነው፤ ደንብ ካለው ወጡን ባለማሳረር ማምለጥ ይቻላላ። ያለ ምክንያት ይመታኛል ብሎ ማመን ከዚያው ሰው ጋር ተኝቶ ለማደር እጅግ ከባድ ነው። ወንዱ በበኩሉ በየስብሰባው ትክክለኛውን መልስ አጥንቷል።

ሴቶቻችን በእርግጥ የማያውቁት ሌላ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ያስቀጣል፤ ምንም እንኳ ይኸው ሕግ አስገድዶ መድፈርን በአንቀጽ 620 ከጋብቻ ውጭ በሚፈጸመው ወስኖ፣ ሚስትን በገዛ መኝታዋ ያለ ጥበቃ ቢተዋትም። ከሁሉ በላይ ግን የማውቃት ሴት ሁሉ «ቤቱ በስሙ ነው፣ ልጆቼን ይዤ የት እገባለሁ?» ስትል እሰማለሁ። በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ፣ ንብረቱ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም ያ ሰው የግሉ መሆኑን እስካላስረዳ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ይህችን አንዲት አንቀጽ የምታውቅ ሴት «ቻይው» ስትባል የምትሰጠው መልስ ከሌላይቱ ይለያል። መድረኩ ላይ የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥቃት መጥፎ መሆኑ ነው።

ያችን ጎረቤታችንን ባለፈው ዓመት ለቅሶ ቤት አገኘናት። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ ንፍሮ እየቆረጠመች ሳለ፣ ወሬው ስለ ሌላ ሰው መሆኑን ከቁብ ሳትቆጥር «ይመታኝ ነበር እኮ» አለች።

እናቴ እጇን ያዘቻት። «እናውቅ ነበር።»

«ማወቃችሁንማ አውቃለሁ» አለቻት።